ነጭ ሙሌት ወይስ የብር? መንጋጋዬን ከማስሞላቴ በፊት ምክራችሁን እፈልጋለሁ

ሊያ_27
ሰኞ፣ ማታ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ጥያቄ ነው፣ ታገሱኝ።

የታችኛው ግራ መንጋጋዬ ተቦርቡሯል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቀዝቃዛ ነገር በነካው ቁጥር ሲጠዘጥዘኝ ነበር። ዛሬ ሀኪም ጋ ሄጄ ራጅ ተነሳሁ። «ነርቩ ጋ አልደረሰም፣ ሙሌት ይበቃዋል» አለኝ። ቀጥሎ «በምን ይሞላ? በነጩ ወይስ በብሩ?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው? አስቤበት ልምጣ ብዬ ወጣሁ።

በቀኝ በኩል የዛሬ 14 ዓመት የተሞላ የብር ሙሌት አለኝ። አንድም ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም። ግን ከልቤ ስስቅ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ፎቶ ስነሳ ሁሌም ከንፈሬን ገጥሜ ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ጥያቄዬ ሦስት ነው። ነጩ እንደ ብሩ ይቆያል ወይ? ብሩ ውስጥ ሜርኩሪ አለ የሚባለው እውነት ነው? እውነት ከሆነስ የድሮውን ላስወጣው?


ሰሚር_ኬ
ሰኞ፣ ማታ 2፡31

እህቴ፣ ነጩን አስሞዪ። እኔ ሦስት አሉኝ። የትኞቹ ጥርሶች እንደሆኑ ራሴ እንኳ በመስታወት ፈልጌ አላገኛቸውም። አምስት ዓመት አልፏቸዋል፣ ምንም አልሆኑም።


እናት_የሁለት
ሰኞ፣ ማታ 3፡05

ሰሚር ደስ ብሎሃል፣ ግን ሁሉም እንዳንተ አይሆንለትም። እኔ የደረሰብኝን ልንገርሽ ሊያ።

የላይኛው መንጋጋዬን በነጭ አስሞላሁ። ሀኪሙ ይቸኩላል። ውጭ ወረፋ አለ። ጉንጬ ውስጥ ጥጥ ሸጎጠልኝ። ጥጡ በምራቅ ሲርስ ይታወቀኛል፣ ምላሴን ሁሉ እየነካው ነበር። ሳይቀይረው ሞላውና ጨረሰ። ያን ቀን በጣም ያምር ነበር። ከሦስት ወር በኋላ በዚያ ጥርስና በጎረቤቱ መካከል ምግብ መሰካት ጀመረ። በየማዕዱ ስጎረጉር ነበር። በሁለት ዓመቱ ሥሩ ታሞ ነርቩ ወጣ፣ አሁን ክዳን ተደርጎለታል።

ነጭ አትሙዪ አልልሽም። ማን እንደሚሠራልሽና እንዴት እንደሚሠራልሽ ግን ጠይቂ። እኔ ሳልጠይቅ አፌን ከፈትኩ።


ጥርስ_ሀኪም_ዮ
ሰኞ፣ ማታ 4፡40

ሰላም ሊያ። ጥርስ ሀኪም ነኝ። እናት የሁለት፣ የደረሰብዎት ነገር አሳዝኖኛል። የጻፉት ግን የጉዳዩን ዋና ነገር ነው። ጥጡ ረጠበ፣ ሙሌቱም አልያዘም።

ነጭ ወይስ ብር የሚለው ብዙ ጊዜ የቀለም ምርጫ ይመስላል። እኔ ወንበሩ ላይ ለተቀመጠ ሰው መጀመሪያ የማየው ግን ሌላ ነገር ነው። ይህን ጥርስ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ደረቅ አድርጌ ማቆየት እችላለሁ ወይ? የምችል ከሆነ ነጩን ሳላመነታ እመርጣለሁ። የማልችል ከሆነ ቆም ብዬ አስባለሁ።

ለምን እንደሆነ ከሥሩ ላስረዳ።

ብሩ፣ ማለትም አማልጋም፣ ከጥርስ ጋር አይጣበቅም። ጉድጓዱ ውስጥ ይጠቀጠቅና እዚያው ይጠነክራል። ወልቆ እንዳይወጣ ሀኪሙ ጉድጓዱን ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ አድርጎ ይቆፍራል። እንዳይሰበር ደግሞ ሁለት ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ይፈልጋል። ስለዚህ ያልታመመ ጥርስ አብሮ ይቆረጣል። የተቆረጠ ኢናሜል፣ ማለትም ጠንካራው የጥርስ ውጫዊ ሽፋን፣ ደግሞ መልሶ አይበቅልም። እኔን ከብሩ ያራቀኝ ከሜርኩሪው በፊት ይሄ ነው።

ነጩ፣ ኮምፖዚት የምንለው፣ ሙጫ ውስጥ የተለወሰ እጅግ የደቀቀ የመስታወት ዱቄት ነው። እሱ ይጣበቃል። እ.ኤ.አ. በ1955 ማይክል ቦኖኮር የተባለ አሜሪካዊ ኢናሜልን በፎስፎሪክ አሲድ ካሻከሩት ሙጫ አጥብቆ እንደሚይዝ አሳየ። በ1962 ደግሞ ራፋኤል ቦወን ዛሬም ብዙዎቹ ኮምፖዚቶች የሚሠሩበትን ሙጫ የፈጠራ መብት አገኘ። ሁለቱ ግኝቶች ባይገናኙ ኖሮ ዛሬ ይህን ጥያቄ አትጠይቂም ነበር።

ሥራው ሲሠራ እንዲህ ነው። የተበላሸው ብቻ ይጸዳል። አሲዱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ጄል ነው፣ 15 ሰከንድ ያህል ይቀመጥና ይታጠባል። ከዚያ ኢናሜሉን በአየር ሳደርቀው ወዙ ይጠፋል። ጠመኔ የተቀባ ይመስላል። ያንን ሳይ ነው ልቤ የሚያርፈው። ቀጥሎ ማጣበቂያው ይቀባል። ነጩም በሁለት ሚሊሜትር ንብርብር እየገባ እያንዳንዱ ንብርብር በሰማያዊ ብርሃን ይጠነክራል።

ንብርብሩ ምክንያት አለው። ኮምፖዚት ሲጠነክር ይኮማተራል፣ ከ2 እስከ 3 በመቶ አካባቢ። ጉድጓዱን ባንድ ጊዜ ብሞላው ሲኮማተር ከጥርሱ ግድግዳ ይላቀቃል። በዓይን የማትታይ ስንጥቅ ትፈጠራለች፣ ባክቴሪያም በዚያች ይገባል። በአንድ ጊዜ እስከ አራት ሚሊሜትር የሚሞሉ አዳዲስ ዓይነቶች አሉ፣ እነሱ ጥሩ ናቸው፣ ግን እነሱም ገደብ አላቸው።

እና ያቺ ጠመኔ የመሰለች ገጽ ላይ አንዲት ጠብታ ምራቅ ካረፈች ሁሉም ነገር ከንቱ ነው። ማጣበቂያው አይይዝም። ደም ቢነካትም ያው ነው። ለዚህ ነው ላስቲክ የምንዘረጋው። አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ስስ ላስቲክ ነው፣ ተበስቶ ጥርሱ ብቻ ብቅ ይላል። ታካሚዎች መጀመሪያ ይጨንቃቸዋል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ግን ውሃው ጉሮሯቸው ውስጥ ስለማይገባ ይዝናናሉ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ነጩ እንደ ብሩ ይቆያል ወይ? እውነቱን ልንገርሽ፣ በአማካይ አይቆይም። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ተቋም የኋላ ጥርሶች ላይ ሁለቱን ሙሌቶች አነጻጽሯል። የነጩ የመበላሸት ዕድል ወደ ብሩ እጥፍ የሚጠጋ ሆኖ አግኝቶታል። ዋናው ምክንያት በሙሌቱ ዳር እንደገና መቦርቦር ነው። የተገመገሙት ጥናቶች የቆዩ ዕቃዎች የተሠሩባቸው ናቸው፣ ዛሬ ነገሩ ተሻሽሏል ብዬ አምናለሁ። ግን ለታካሚዬ ይህን ሳልነግር ነጩን አልሞላም። ነጩ ሲበላሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ የተጎዳውን ብቻ ጠርጎ መጠገን ይቻላል።

ስለ ሜርኩሪውና ስለ ድሮው ሙሌትሽ ነገ እመለሳለሁ፣ መሽቷል።


ሊያ_27
ሰኞ፣ ማታ 4፡58

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጠመኔ ያሉት ነገር አእምሮዬ ውስጥ ቀርቷል። ማታ ስለደከሙ አላስቸግርዎትም፣ ነገ እጠብቃለሁ።


ጋሽ_ታ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 12፡50

ልጆች፣ እኔ አርጅቻለሁ፣ ስለዚህ ስለ ብሩ አንድ ቃል ልናገር። አፌ ውስጥ አራት አሉ። ታላቁ 31 ዓመት ሆኖታል። አጥንት ቆርጥሜበታለሁ። ብር ጥርስ ያላቸውን ሰዎች እንደ ተመረዙ አድርጎ ማውራት አሁን በዝቷል፣ ሰውን ያስፈራል። ያ ሙሌት ባይኖር የእኔ ጥርሶች ዱሮ ነበር የሚነቀሉት። ከሱ በፊት ጥርስ ሲታመም መፍትሔው ጉጠት ነበር።


ሊያ_27
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡15

ጋሼ፣ ይጽና ጥርስዎ። ልክ ነዎት፣ እኔም ፈርቼ ነው የጻፍኩት።


ጥርስ_ሀኪም_ዮ
ማክሰኞ፣ ቀን 7፡20

ጋሼ እውነት ብለዋል። አማልጋም ከ150 ዓመት በላይ የብዙ ሰው ጥርስ ያተረፈ ዕቃ ነው፣ ልናከብረው ይገባል።

ሜርኩሪው ግን አለ። ከአማልጋሙ ክብደት ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ነው። የቀረው ብር፣ ቆርቆሮና መዳብ ነው። ሲጠነክር ሜርኩሪው ከሌሎቹ ጋር ተዋህዶ ይታሰራል። ስናኝክ ወይም ጥርስ ስናፋጭ በጣም ጥቂት ትነት ይወጣል። ያ መጠን ለአብዛኛው ሰው ጉዳት እንዳመጣ አልታየም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ግን እ.ኤ.አ. በ2020 አንዳንድ ሰዎች በተቻለ መጠን አዲስ አማልጋም ባይሞሉ ብሏል። እነሱም ነፍሰ ጡሮች፣ ለማርገዝ ያሰቡ፣ የሚያጠቡ፣ ሕፃናት፣ የኩላሊት ወይም የነርቭ ሕመም ያለባቸው እንዲሁም ለሜርኩሪ አለርጂክ የሆኑ ናቸው።

ሌላው ጉዳይ አካባቢው ነው። ከክሊኒክ በውሃ የሚወጣው ሜርኩሪ ወንዝ ይደርሳል፣ ዓሣ ውስጥ ይገባል። ስለ ሜርኩሪ የተደረገው ዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2013 ሲጸድቅ አማልጋምን ቀስ በቀስ መቀነስን ያካተተው ለዚህ ነው። ኖርዌይና ስዊድን ቀድመው ተዉት። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ከጥቂት የሕክምና ምክንያቶች በቀር ከልክሎታል።

የድሮው ሙሌትሽ ግን ሌላ ነገር ነው። ደህና ከሆነ አታስነኪው። ያው የአሜሪካው ተቋም ራሱ ደህናውን ሙሌት አታስወጡ ይላል። ትነቱ በብዛት የሚወጣው ሲሞላና ተቆፍሮ ሲወጣ ነው። ደግሞ ሲወጣ ደህናው ጥርስም መላጡ አይቀርም። መውጣት ያለበት ዳሩ ሲሸረፍ፣ ሥሩ ሲበሰብስ ወይም ጥርሱ ራሱ ሲሰነጠቅ ነው። በዚያ ጊዜም ላስቲክ ተዘርግቶ፣ ብዙ ውሃ እየፈሰሰ፣ ኃይለኛ መሳቢያ ተደግኖ፣ ሳይፈጭ ቆረጥ ቆረጥ ተደርጎ ነው የሚወጣው።


ትዕግሥት_ላብ
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡30

እኔ የጥርስ ላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ከዶክተሩ ጋር በሁሉም እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ግን ልጨምር። ሊያ ከንፈሬን ገጥሜ ነው ፎቶ የምነሳው ብላለች። ይህን ቀለል አድርጋችሁ አትለፉት። እንደ ቅንጦትም አትዩት። አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው የሚስቁ ስንት ሰዎች አይቻለሁ። ጥርሱ አልቆ አዲሱን አድርገው ሲወጡ እጃቸው መጀመሪያ እንደልማዱ ወደ አፍ ይሄዳል፣ ከዚያ መሃል መንገድ ላይ ይቆማል። ሊያ፣ ያ ሙሌት አንድ ቀን በራሱ ምክንያት መቀየር ሲኖርበት በነጭ እንዲሆን መፈለግሽ ትክክል ነው።

ስለ ቀለሙም ልንገርሽ፣ ይህን ብዙ ሀኪም በችኮላ ያልፈዋል። ቀለሙ መመረጥ ያለበት ከሁሉም በፊት ነው። ላስቲኩ ሳይዘረጋ፣ ጥርሱ በምራቅ እንደራሰ። ጥርስ ሲደርቅ ነጭ ይመስላል። ደርቆ ከተመረጠ፣ ማታ ጥርሱ ተመልሶ ሲርስ ሙሌቱ ለብቻው ነጭ ሆኖ ይቀራል። የቀለም ማሳያው 16 ጥርስ መሳይ ቁራጮች የተደረደሩበት ነው። የቪታ ማሳያ ይባላል። በኤ፣ በቢ፣ በሲ እና በዲ ይከፈላል። የወንበሩ መብራት ጠፍቶ መስኮት አጠገብ አንዱን ከጥርስሽ ጎን ያስጠጉታል። ከአምስት ሰከንድ በላይ አይታይም፣ ዓይን ይለምዳል። ከንፈርሽን ቀለም ከተቀባሽ ጥረጊው።

ጉድጓዱ በጣም ሰፊ ከሆነና የጥርሱ ጫፎች ከሄዱ ደግሞ ኮምፖዚት ባይሆን ይሻላል። እኛ ጋ ከሴራሚክ ተቀርጾ ይመጣል፣ ሀኪሙ ያጣብቀዋል። እ.ኤ.አ. ከ1985 ወዲህ ደግሞ በኮምፒውተር ተነድፎ እዚያው ክሊኒኩ ውስጥ በአንድ ቀጠሮ የሚቀረጽም አለ፣ መጀመሪያ ዙሪክ ውስጥ ነው በታካሚ ላይ የተሞከረው። ሴራሚክ ቀለም አይጠጣም። ኮምፖዚት ግን ቀለም ካላቸው መጠጦችና ከሲጋራ በዓመታት ውስጥ ይደበዝዛል።


ፍሬ_ሰባተኛ_ወር
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡12

ይቅርታ መሃል ገባሁ። ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ሰባተኛ ወሬ ነው። መንጋጋዬ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለ። እስክወልድ ልተወው ወይ? ዶክተር ቢመልሱልኝ።


ጥርስ_ሀኪም_ዮ
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡45

ፍሬ እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። እስክትወልጂ አትጠብቂ። ቀዳዳ አይጠብቅም። ከሰፋና መግል ከያዘ ለአንቺም ለልጅሽም የሚከፋው እሱ ነው። ማደንዘዣው በእርግዝና ይሰጣል፣ መንገርሽን ብቻ እንዳትረሺ። ብሩን አትሙዪ። ረጅም ሰዓት ወንበር ላይ መተኛት ካቃተሽ ግላስ አዮኖመር የሚባል ሌላ ጥርስ መሳይ ሙሌት አለ። በራሱ ከጥርስ ጋር ይጣበቃል፣ ትንሽ እርጥበት ይችላል፣ ፍሎራይድም ይለቃል። እንደ ኮምፖዚት ጠንካራ አይደለም፣ ለመንጋጋ ቶሎ ያልቃል። ግን እስክትወልጂ ይዞ ያቆይልሻል። ስትተኚ ወደ ግራ ጎንሽ ትንሽ ዘንበል በዪ፣ ትራስ ጠይቂ።


እናት_የሁለት
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡00

ዶክተር፣ ትንሿ ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። የወተት መንጋጋዋ ቀዳዳ አለው። የሚወድቅ ጥርስ ነው ብዬ ልተወው?


ጥርስ_ሀኪም_ዮ
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡18

አይተዉት እባክዎት። የወተት መንጋጋ የሚወድቀው ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ባለው ነው። እስከዚያ ታኝክበታለች፣ ቦታውንም ለቋሚው ይጠብቅለታል። የማትረጋጋ ከሆነ ግላስ አዮኖመር ጥሩ ነው። ብሩን ለልጅ አልመርጥም። የአውሮፓ ኅብረት ከ15 ዓመት በታች ላሉት የከለከለው ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2018 ነው።


ሰሚር_ኬ
ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡40

እኔ ትናንት ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ የራሴን ሀኪም ደውዬ ጠየቅኩት። ላስቲክ ዘርግቶ ነበር፣ ትዝም አላለኝም። ሌሊት ጥርሴን እንደማፋጭ ስለሚያውቅ ለመኝታ የሚደረግ መከላከያም አሠርቶልኛል። ለካ አምስት ዓመት የቆየው በዕድል አይደለም። ሊያ፣ መጀመሪያ «አስሞዪ» ብዬ ብቻ ማለፌ ልክ አልነበረም።


ሊያ_27
ዓርብ፣ ማታ 1፡05

ተሠራሁ! ቃል በቃል ልንገራችሁ።

ሄጄ መጀመሪያ የጠየቅኩት «ላስቲክ ትዘረጋለህ?» ብዬ ነው። ሀኪሙ ቀና ብሎ አየኝ፣ ፈገግ አለ። «ሁሌም» አለኝ። ከዚያ ነጩን አልኩት። ቀለሙን ሳይረሳ መስኮት አጠገብ አቁሞኝ አየ። ኤ3 ነው ጥርሴ። ነጭ ይመስለኝ ነበር፣ ለካ ቢጫ ነገር አለው። ትዕግሥት፣ ስላንቺ እያሰብኩ ነበር።

ላስቲኩ መጀመሪያ አፍኖኝ ነበር። በአፍንጫዬ ቀስ ብዬ መተንፈስ ስጀምር ተውኩት። አሲዱ ታጥቦ ሲደርቅ በትንሽ መስታወት አሳየኝ፣ ለምኜው ነው። ዶክተር፣ እውነትም ጠመኔ! ሰማያዊው መብራት ስድስት ጊዜ ሲጮህ ቆጠርኩ። በጠቅላላ 50 ደቂቃ ወሰደ። ሲያልቅ ሰማያዊ ወረቀት አስነክሶኝ ከፍ ያለችውን ነጥብ አለሳለሰ።

የቀኙን የብር ሙሌትም አየልኝ። ዳሩ ደህና ነው፣ ራጁም ንጹሕ ነው። ስለዚህ አልነካነውም። በየዓመቱ ይታያል፣ ጊዜው ሲደርስ ይቀየራል። ቅር አላለኝም። ምክንያቱን ስላወቅኩ መሰለኝ።

አንድ ጥያቄ ግን ቀረኝ። ዛሬ ሁለተኛ ቀኔ ነው፣ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካው አሁንም ቅልል ያለ ስሜት አለ። ይህ ደህና ነው?


ጥርስ_ሀኪም_ዮ
ዓርብ፣ ማታ 1፡50

ደስ ብሎኛል ሊያ። አዎ፣ ከነጭ ሙሌት በኋላ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሁለት ሦስት ሳምንት ቀዝቃዛ ሊሰማሽ ይችላል። ቀዝቃዛው ሲነሳ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ አትጨነቂ። ቆይቶ የሚጠዘጥዝ ከሆነ፣ ለሙቅ ከባሰ ወይም ሌሊት ከቀሰቀሰሽ ግን ቶሎ ተመለሺ። ስትነክሺ ብቻ የሚያምሽ ከሆነም ምናልባት ነጥቧ ገና ከፍ ብላ ይሆናል፣ ማስተካከሉ ሁለት ደቂቃ ነው።


እናት_የሁለት
ዓርብ፣ ማታ 2፡04

ሊያ ደስ ብሎኛል። በመሃል የጥርስ ክር ስታሳልፊ እንዴት ነው? የእኔ እዚያ ላይ ነበር የተበላሸው።


ሊያ_27
ዓርብ፣ ማታ 2፡20

አሁን ሞክሬ መጣሁ እታለም። ጠበቅ ይልና ቀጭ ብሎ ያልፋል። ሲወጣም ክሩ አልተበጠሰም፣ አልተፈተለም።